በየ28 ቀኑ የሚያረጅ ሰማይ

መጋቢት 22 ቀን 1995 ዓ.ም. የብሪቲሽ ሜዲትራኒያን አየር መንገድ ኤርባስ ኤ320 አውሮፕላን ቦሌ ለማረፍ በደመና ውስጥ እየወረደ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም፤ ይህ ሁለተኛው ነው። ከመስኮቱ ውጪ የሚታይ ነገር ስለሌለ የአብራሪዎቹ ዓይን መሣሪያዎቹ ላይ ተተክሏል። መሣሪያዎቹም መስመራችሁ ትክክል ነው ይላሉ። ድንገት ከሥር ያለውን መሬት የሚለካው ሬዲዮ አልቲሜትር ቁጥር መጥራት ጀመረ። አብራሪዎቹ መሬቱን አዩት፤ ሞተሩን አጥብቀው ከፈቱና አፍንጫውን ወደ ላይ አነሱ። ከቦሌ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለውን ሸንተረር ሲሻገሩ ከአውሮፕላኑ ሆድ እስከ መሬት የነበረው ክፍተት 56 ጫማ ነበር፤ 17 ሜትር ገደማ።

የእንግሊዝ የአየር አደጋ መርማሪዎች ባወጡት ሪፖርት ላይ የጥፋቱ ምንጭ ከሁሉም ተራ የሆነ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ ውኃ። ለአዲስ አበባ አቅጣጫ የሚጠቁመው ቪኦአር የተባለው የመሬት ሬዲዮ ጣቢያ አንቴና ውስጥ ውኃ ገብቶ፣ ጣቢያው የተሳሳተ አቅጣጫ ያስተላልፍ ነበር። አውሮፕላኑ ጂፒኤስ አልነበረውም። ስለዚህ የበረራ ኮምፒውተሩ ከዚያው ጣቢያ የሰማውን አምኖ ያለበትን ቦታ ተሳሳተ። የመሬት ቅርበት ማስጠንቀቂያውም ቦታውን የሚጠይቀው ይህንኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር ነበር፤ ተራራውን በካርታው ላይ ያውቀዋል፤ ግን ከተራራው ርቄአለሁ ብሎ ያስባል። ቀድሞ መጮህ ሲገባው የጮኸው አብራሪዎቹ ሸንተረሩን ባዩበት ቅጽበት ነው።

ያንን ታሪክ የሰማ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው፤ ሳተላይት ቢኖር ኖሮ። እውነት ነው። ዛሬ ቦሌ የሚያርፉት የመንገደኞች አውሮፕላኖች ቦታቸውን በሳተላይት ያውቃሉ፤ አንቴና ውስጥ የገባ ውኃ እንደዚያ አያታልላቸውም። ነገር ግን ሳተላይቱ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የት ነው ያለሁት? ማኮብኮቢያው የት ይጀምራል፣ ተራራው የቱ ጋ ነው፣ ከየትኛው ነጥብ በታች መውረድ ክልክል ነው የሚለውን ሳተላይቱ አያውቅም። እርሱን የሚያውቀው ኮክፒቱ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ነው። ስልኩ የቆመበትን ቦታ በሜትር ልክ እያሳየው፣ በእጁ የያዘው አድራሻ ግን «ፒያሳ፣ ከሰማያዊው ሱቅ ጀርባ» የሚል የቆየ ወረቀት የሆነ እንግዳ ያስቡ፤ ሱቁ ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። እንግዳው አልጠፋም፤ የጠፋው አድራሻው ነው።

ሰማይም እንዲሁ ይፈርሳል፣ ይሠራል። አዲስ አንቴና ይቆማል፣ ማኮብኮቢያ ይረዝማል፣ በማረፊያ መስመር ሥር ፎቅ ይበቅላል፣ የጦር ኃይል አንድን የአየር ክልል ይዘጋል። ምንም ሳይነካ የሚለወጥም አለ። የማኮብኮቢያ ቁጥር የሚወሰደው ከኮምፓስ አቅጣጫ ነው፤ የቦሌዎቹ 07 እና 25 ወደ 70 እና ወደ 250 ዲግሪ ግድም ያመለክታሉ። የምድር ማግኔታዊ ዋልታ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። በፍሎሪዳ የታምፓ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ 18 የነበረውን ማኮብኮቢያ 19 ብሎ ቀለም ቀባ። አስፋልቱ አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰም፤ የዓለም የበረራ ኮምፒውተሮች ሁሉ ግን ስሙን መለወጥ ነበረባቸው።

ለውጡ ሁሉ እንደየአገሩ ፈቃድ በማንኛውም ቀን ቢወጣ ትርምስ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለዚህ ያበጀው ሥርዓት ኤይራክ ይባላል። በየ28 ቀኑ፣ ሁልጊዜ ሐሙስ፣ ዓለም በሙሉ በአንድ ጊዜ ከአሮጌው ሰማይ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ የጀመረው ዙር ቁጥሩ 2601 ነው፤ የፈረንጆቹ 2026 የመጀመሪያው ዙር ማለት ነው። ቀኖቹ ለዓመታት ወደፊት ተሰልተው የተቀመጡ ናቸው፤ ማንም አገር አያዛንፋቸውም። በዓመት 13 ዙር ይኖራል፤ የ13 ወር ባለቤቶች ለሆንን ለእኛ ቁጥሩ እንግዳ አይደለም። ግን 13 ጊዜ 28 ሲባዛ 364 ነው። የጎደለችው ቀን እየተጠራቀመች በአንዳንድ ዓመት ዙሩ 14 ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. 2020 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር።

ሽግግሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ሲውል፣ በእኛ ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። ታዲያ በዚያ ሰዓት አውሮፕላን ሁሉ ቆሞ አይጠብቅም። የበረራ ኮምፒውተሩ ሁለት ዳታቤዝ ጎን ለጎን ይይዛል፤ በሥራ ላይ ያለውን እና ተራውን የሚጠብቀውን። የጥገና ቴክኒሻኑ አዲሱን ከቀኑ ቀደም ብሎ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ በቆመበት ሌሊት ይጭነዋል። መጫኛው እንደ አውሮፕላኑ ዕድሜ ይለያያል፤ በአዳዲሶቹ ላይ ፋይሉ ያለ ሽቦ ይገባል፤ በብዙዎቹ ላይ ፍላሽ ይሰካል፤ የቦይንግ 747-400 ባለቤቶች ደግሞ የዛሬ ወጣት አይቶት የማያውቀውን ፍሎፒ ዲስክ አንድ በአንድ እየቀያየሩ ይጭኑ እንደነበር በቅርብ ዓመታት ሲነገር ብዙ ሰው ተገርሟል። ጫኚው ሲጨርስ ስክሪኑ ላይ ያለውን የዙር ቁጥርና ከቀን እስከ ቀን የሚለውን ያነብባል፤ መዝገብ ላይ ይፈርማል። ጠዋት አብራሪው ከመቀመጫው ሲሰየም ከሚያያቸው የመጀመሪያ ገጾች አንዱ ያው ገጽ ነው። ቀኑ ካለፈ ሁለቱን ዳታቤዞች ያለዋውጣል። ይህን የሚያደርገው መሬት ላይ፣ መንገዱን ከማስገባቱ በፊት ነው፤ ምክንያቱም ሲለዋወጡ የገባው መንገድ ይሰረዛል።

ቴክኒሻኑ የሚጭነው ፋይል እጁ እስኪገባ ረጅም መንገድ መጥቷል። ይህ መንገድ የጀመረው በአንድ የአሜሪካ ፖስታ አብራሪ ኪስ ውስጥ ነው። ኤልሪ ጄፕሰን እ.ኤ.አ. በ1930 ግድም ደብዳቤ ጭኖ በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች መካከል ሲበር ካርታ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ባልደረቦቹ ይሞቱ ነበር። በአንዲት የኪስ ማስታወሻ ደብተር ላይ የሜዳዎቹን ስፋት፣ የኮረብታዎቹን ከፍታ፣ የገበሬዎቹን ስልክ ሳይቀር መጻፍ ጀመረ። ሌሎች አብራሪዎች አስገልብጠን እያሉ ሲያስቸግሩት እ.ኤ.አ. በ1934 ቅጂውን በ10 ዶላር ይሸጥ ጀመር። ደብተሩ ኩባንያ ሆነ፤ ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ገዛው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ከሌሎች የዲጂታል ሥራዎቹ ጋር ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ዋጋ ለሌላ ባለሀብት ሸጠው። ዛሬ ይህንኑ ሥራ የሉፍታንዛው ሊዶና የኤርባሱ ናቭብሉም ይሠሩታል።

የመረጃው ምንጭ ግን ኩባንያዎቹ አይደሉም፤ መንግሥታት ናቸው። እያንዳንዱ አገር የአየር መንገዶቹን፣ የማረፊያዎቹንና የሬዲዮ ጣቢያዎቹን ዝርዝር ኤአይፒ በተባለ ይፋዊ መድበል ያወጣል፤ በእኛ አገር ይህ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ድርሻ ነው። ለውጡ ሥራ ላይ ከሚውልበት ሐሙስ ቢያንስ 28 ቀን ቀድሞ በተጠቃሚው እጅ መግባት አለበት፤ ትልቅ ለውጥ ከሆነ 56 ቀን ቀድሞ መውጣቱ ይመከራል። ከዚያ የኩባንያው ባለሙያ ጽሑፉን አንብቦ ወደ ኮምፒውተር ቋንቋ ይለውጠዋል። እዚህ ላይ ሥራው መተየብ ብቻ አይደለም፤ ፍርድም አለበት። ለሰው ዓይን የተሠራው ቻርት «ወደ ግራ ዙርና እየወጣህ ጣቢያውን አግኝ» ሊል ይችላል። ኮምፒውተር ግን መቼ፣ በምን ከፍታ፣ በየትኛው ቅስት ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አሪንክ 424 የተባለው ደረጃ ለዚህ 23 ዓይነት የጉዞ ቁራጮች አሉት፤ የትኛውም የመነሻና የማረፊያ መስመር በእነዚህ ቁራጮች ተሰፍቶ ነው ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው። ከዚያ ፋይሉ ለሃኒዌል፣ ለታሌስ፣ ለኮሊንስ ኮምፒውተሮች በየመልካቸው ይታሸጋል፤ ወደ አየር መንገዱ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቴክኒሻኑ ዘንድ ይደርሳል።

በጉዞው ላይ ፊደል እንዳይዛባ ጠንካራ ዘብ ቆሟል። ከመረጃው ሁሉ የሚሰላ አንድ የማረጋገጫ ቁጥር አብሮ ይጓዛል፤ አንዲት አኃዝ ብትለወጥ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ፋይሉም አይጫንም። ዘቡ ግን የሚጠብቀው መንገዱን እንጂ መነሻውን አይደለም። ከመነሻው ስሕተት የተጻፈ ነገር ማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ፣ ታሽጎ፣ በሰላም ኮክፒት ይገባል።

ከመነሻው የሚመጣ መዛባት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ከራሳችን ታሪክ ላሳይ። የኢትዮጵያ ካርታ መሠረት የተጣለው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የዓባይ ተፋሰስ ከአሜሪካኖች ጋር ሲጠና ነው። የልኬቱ መነሻ በግብጽና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ አዲንዳን የተባለ ነጥብ ነበር። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ግን ምድርን የሚለኩት ደብሊውጂኤስ 84 በተባለ ሌላ መሠረት ነው። የአንዲት ኮረብታ አኃዝ በአዲንዳን እና በደብሊውጂኤስ 84 ሲጻፍ በእኛ ምድር ላይ ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሲቀላቀሉ ግን ማኮብኮቢያው ከጎኑ ካለው ሜዳ ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱ አገር የራሱ አዲንዳን ነበረው። ስለዚህ ዓለም አቀፉ ድርጅት አገሮች ሁሉ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1998 ጀምሮ የአቪዬሽን አኃዛቸውን በደብሊውጂኤስ 84 እንዲያወጡ አዘዘ። ማኮብኮቢያዎች በአዲስ መልክ ተለኩ፤ አንቴናዎችም እንዲሁ። በሳተላይት መሪነት በደመና ውስጥ ማረፍ የተቻለው ይህ ድምፅ አልባ የልኬት ሥራ ቀድሞ ስለተሠራ ነው፤ ስሙ ግን ሲነሳ አልሰማሁም።

መረጃው በቦታው ትክክል ሆኖ፣ በሰውና በማሽን መካከል ሲተላለፍ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ለዚህ ከካሊ የበለጠ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1995 ከማያሚ የተነሳው የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 965፣ ቦይንግ 757፣ በሌሊት ወደ ኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ እየወረደ ነበር። ከተማዋ በሁለት የተራራ ሰንሰለቶች መካከል በተዘረጋ ሸለቆ ውስጥ ናት። ተቆጣጣሪው ዞራችሁ ከምትመጡ ቀጥታ በ19 ማኮብኮቢያ ግቡ አላቸው። ጊዜ ይቆጥባል፤ ተስማሙ። ሁሉንም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ መለወጥ ነበረባቸው፤ ፍጥነቱን ለመቀነስም የክንፍ ፍሬኑን ከፈቱ።

ቻርቱ ሮዞ የሚባለውን የሬዲዮ ጣቢያ «አር» በምትል አንዲት ፊደል ያሳያል። አብራሪው ኮምፒውተሩ ላይ አር ብሎ ጻፈ፤ ከወጡለት አማራጮች የመጀመሪያውን መረጠ። ያ ግን ሮሜዮ የሚባል ሌላ ጣቢያ ነው፤ ቦጎታ አጠገብ፣ ከ130 ማይል በላይ ርቆ የሚገኝ። ሁለቱም ጣቢያዎች መለያቸው አር ነበር፤ ዳታቤዙ አጭሯን ስም ለትልቁ ከተማ ሰጥቶ፣ ሮዞን ለማግኘት ስሙን ሙሉውን መጻፍን ይጠይቃል። ቻርቱን ያተመውና ዳታቤዙን ያዘጋጀው አንድ ኩባንያ፣ ያው ጄፕሰን፣ ሆኖ ሳለ ሁለቱ አልተነጋገሩም። አውሮፕላኑ ታዛዥ ነውና ወደ ግራ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ተራራው ዞረ። አብራሪዎቹ ነገሩ እንዳልገጠመ ሲገባቸው ወደ ቀኝ መለሱት፤ መውረዱን ግን አላቆሙም። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሙሉ ኃይል ሰጡ፤ የክንፍ ፍሬኑ እንደተከፈተ ነበር። ከ163 ሰዎች 159 ሞቱ።

መርማሪዎቹ በዋናነት ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ አኖሩ፤ የት እንዳሉ ሳያውቁ መውረድ አልነበረባቸውም። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ማያሚ ላይ የተሰየመ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ግን ኃላፊነቱን ከፋፈለው፤ 75 በመቶ ለአየር መንገዱ፣ 17 በመቶ ለጄፕሰን፣ 8 በመቶ ለኮምፒውተሩ ሠሪ ለሃኒዌል። በእኔ ግምት ከዚያ ክፍፍል የሚበልጠው ቁም ነገር መከፋፈሉ ራሱ ነው። አንድ ፍርድ ቤት ዳታቤዝን እንደ ሞተር፣ እንደ ክንፍ ሁሉ ሊገድል የሚችል የአውሮፕላን አካል አድርጎ ቆጠረው።

ዳታቤዙ ያለፈበት አውሮፕላንስ ይበራል? ብዙ ጊዜ አዎ፤ በገደብ። አየር መንገዶች ምን ተበላሽቶ ምን ያህል ቀን መብረር እንደሚቻል የሚደነግግ ዝርዝር አላቸው፤ ለዳታቤዝ የተለመደው ገደብ 10 ቀን ነው። በነዚህ ቀናት አብራሪው የሚያልፍባቸውን ነጥቦች ወቅታዊ ከሆነው ቻርት ጋር እያመሳከረ ይሄዳል። በመሣሪያ ብቻ ተመርቶ፣ በሳተላይት መስመር፣ በደመና ውስጥ ለማረፍ ሲሆን ግን ደንቡ ጥብቅ ነው። በአሜሪካ ባለ አራት መቀመጫ ሴስና አውሮፕላን ያለው ሰው እንኳ በየወሩ ገደማ ከፍሎ የዳታቤዝ ካርዱን ያድሳል፤ የአገሪቱ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ሥራውን መካኒክ ሳይጠራ ራሱ አብራሪው እንዲሠራው ፈቅዷል። ወጪው ባለቤቶቹን ያማርራቸዋል። ባለፈው ወርና በዚህ ወር መካከል ምን ተለወጠ የሚለው ክርክር የማያልቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፉበት ሜዳ ላይ ምንም አልተለወጠም። ችግሩ የተለወጠበትን ጊዜ ቀድሞ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው።

ሳተላይቱ ራሱስ? ባለፉት ዓመታት በምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን ሰማይ አውሮፕላኖች ሐሰተኛ ምልክት እየደረሳቸው ራሳቸውን ቤይሩት ወይም ካይሮ ማረፊያ ላይ አግኝተዋል። ፊንኤር እ.ኤ.አ. በ2024 ታርቱ ወደምትባለው የኢስቶኒያ ከተማ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር አቆመ፤ ማረፊያው በጂፒኤስ ላይ ተደግፎ ስለነበር ሌላ መግቢያ አልነበረውም። አሮጌ የሬዲዮ ጣቢያ ሁሉ ይነቀል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ይበጃል። አንዱን ማቆየት፣ አንቴናውንም ከውኃ መጠበቅ።

የእኛ ፈተና ግን ሌላ ነው፤ እየመጣም ነው። ከቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ግንባታው በ2018 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2030 ሥራ እንዲጀምር ታቅዷል። አራት ማኮብኮቢያዎች ይኖሩታል። ከቦሌ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራ እንዲቀጥል ታስቧል። በዚያው በቢሾፍቱ ደግሞ የአየር ኃይሉ ሐረር ሜዳ አለ። በአንድ ጠባብ ሰማይ ሥር ሦስት ማረፊያ ማለት ነው። የመግቢያና የመውጫ መስመሮቹ በሙሉ እንደገና መሳል፣ ነጥቦቹ በሙሉ አዲስ ስም ማግኘት፣ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚበር እያንዳንዱ አውሮፕላን ኮምፒውተር ውስጥ በአንድ ሐሙስ መግባት አለባቸው።

ኮንክሪቱ ከወረቀቱ ቀድሞ ሲደርስ ምን እንደሚመጣ በራሳችን አውሮፕላን አይተናል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 4 ቀን 2021 የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት ቦይንግ 737 በዛምቢያ ንዶላ ሲያርፍ፣ ያረፈው ገና ባልተከፈተው፣ በግንባታ ላይ በነበረው አዲስ ማረፊያ ላይ ነው። አሮጌውና ትክክለኛው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። ሰው አልተጎዳም። አዲሱ ማረፊያ በይፋ የተከፈተው ከአራት ወር በኋላ፣ ነሐሴ ላይ ነበር። ከአየር ላይ ሲታይ ማኮብኮቢያ ሁሉ ማኮብኮቢያ ይመስላል። ንዶላ ላይ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ነበር። እኛ ዘንድ ሦስት ይሆናሉ።

በአገራችን የምረቃ ቀን የሚቆረጠው በሌላ ስሌት እንደሆነ አውቃለሁ። ባለሥልጣናት ይመቻቸው እንደሆነ ይታያል፣ በዓል ይታያል፣ እንግዳ ይታያል። ቀኑ ሲቀርብ ይገፋል ወይም ይሳባል። መንገድና ድልድይ ይህን ይችለዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ግን አይችለውም፤ ቀኑ አንዴ በኤአይፒ ከወጣ፣ ከ28 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተሳበ ወይም የተገፋ እንደሆነ ኮክፒቶች ውስጥ ያለው ሰማይ እና እውነተኛው ሰማይ ለአንድ ዙር ይለያያሉ፤ ልዩነቱን የሚያስታርቀው ኖታም የተባለው አጭር ማስታወቂያና የደከመ አብራሪ ትዝታ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የቢሾፍቱን የመክፈቻ ቀን የሚወስኑት ሰዎች የኤይራክን ሰሌዳ ከፊታቸው ያኑሩ፤ ከተዘረዘሩት ሐሙሶች አንዱን ይምረጡ። ዝርዝሩን አስቀድመው ለመረጃ ክፍሉ ባለሙያዎች ይስጡ፤ አንዴ ከሰጡም ቀኑን አይንኩት።